ላቭበርዶቼ ይጥላሉ፣ ይታቀፋሉ፣ እስካሁን ግን አንድም ጫጩት አልወጣም

ሚሚ_አያት፣ አዲስ አበባ

ሰላም የወፍ ወዳጆች፣ እንዴት ናችሁ? ነገሩን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍና የምታውቁትን ንገሩኝ።

ጥንድ ላቭበርዶች (ትንንሽ በቀቀኖች) አሉኝ። ፊታቸው ወደ ቀይ ያደላ፣ ገላቸው አረንጓዴ፣ ዓይናቸው ዙሪያ ነጭ ቀለበት የሌለው ዓይነት ነው፤ ሻጮቹ «ሮዚ» የሚሉት። ዕድሜያቸው ዓመት ከመንፈቅ ይሆናል። የጎጆ ሳጥን ካስገባሁላቸው ወዲህ ሴቷ ሁለት ዙር ጥላለች፤ መጀመሪያ 5፣ ቀጥሎ 6። በደንብ ትታቀፋለች፣ ወንዱም እሷን ሲመግብ ነው የሚውለው። የመጀመሪያው ዙር ጊዜው ካለፈ በኋላ እንቁላሎቹን ስከፍታቸው አስኳልና ውሃ ብቻ ነበሩ። ከሁለተኛው ዙር ግን ሁለቱ ውስጥ አካሉ የሞላ ጫጩት ሞቶ አገኘሁ። አንጀቴ ነው የተንሰፈሰፈው።

የሸጠልኝ ሰው «ወንዱ ነው ችግሩ፣ ቀይሪው» ይለኛል። እነሱ ደግሞ አንዱ ያለ ሌላው እህል አይቀምሱም። ሳላጣራ ማለያየት አልፈልግም። ከየት ልጀምር?

የጥድጥላ፣ አዲስ አበባ

ሚሚ ልጄ፣ ወንዱን እንዳትነኪው። እንቁላል ውስጥ ጫጩት ከተገኘ ወንዱ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ያለ እሱ ያ ጫጩት ከየት ይመጣል?

ሁለቱን ዙር ለያይተሽ እይው። የመጀመሪያው ባዶ መሆኑ በወጣት ጥንድ ላይ የተለመደ ነው፤ ገና እየተማመዱ ስለሆነ ግንኙነቱ አይሰምርም። ሁለተኛው ዙር ላይ ፅንስ ተይዟል፣ አድጓል፣ መጨረሻ ላይ ሞቷል። ይሄ ሌላ በሽታ ነው፣ መድኃኒቱም ሌላ።

እስቲ እነዚህን መልሺልኝ። መቆሚያ እንጨቱ ይነቃነቃል? የምትታጠብበት ውሃ አላት? ኬጁ ያለበት ክፍል ማታ መብራቱ ስንት ሰዓት ይጠፋል? ሁለቱ ከአንድ ጎጆ የወጡ ወንድምና እህት ይሆኑ? የሚበሉትስ ምንድን ነው?

ጣና_ወፍ፣ ባሕር ዳር

እህቴ፣ ጋሼ ትክክል ናቸው፣ ወንድ አለሽ። ሌላ አንባቢ ግን «የኔም ባዶ ነው» ብሎ ከመጣ መጀመሪያ ሁለቱም ሴት እንዳይሆኑ ያጣራ። ሮዚም ሆነ ፊሸር የሚባለው ሌላው የላቭበርድ ዝርያ ወንዱና ሴቷ መልካቸው አንድ ነው፤ በዓይን አይቶ ወንድና ሴት የሚለይ ሰው የለም። ሁለት ሴቶች እንደ ባልና ሚስት ይዋደዳሉ፣ ይመጋገባሉ፣ አንዷ አንዷ ላይ እስከመውጣት ይደርሳሉ። ምልክቱ የእንቁላሉ ብዛት ነው። አንዲት ሴት በአንድ ዙር ከ4 እስከ 6 ትጥላለች፤ ሳጥኑ ውስጥ 8፣ 9፣ 10 ካገኛችሁና በአንድ ቀን ሁለት እንቁላል ከታየ ሁለት እናቶች ናቸው ያሉት።

የዳሌ አጥንት ዳብሶ መለየት የሚባለውን አልመክርም፤ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ውጭ አገር ያላችሁ ከላባ በዲኤንኤ ማስመርመር ትችላላችሁ። እዚህ ያለነው ጠባይ እናያለን፦ ሮዚ ሴት ወረቀት ወይ ቅጠል በረጅሙ ትሰነጥቅና ወገቧ ላይ ላባዋ መሐል ሰካክታ ነው ወደ ሳጥን የምትወስደው። ወንዱ ቢሞክርም ይወድቅበታል። ፊሸርና ጥቁር ራሱ ማስክድ ግን በአፋቸው ነው የሚሸከሙት፣ እነሱ ላይ ይሄ ምልክት አይሠራም።

ሚሚ_አያት

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መቆሚያው ከኬጁ ጋር የመጣው ፕላስቲክ ነው፣ ሲያርፉበት ይዞራል። መታጠቢያ የለም፤ የሚጠጡት ውሃ ብቻ ነው ያለው። ኬጁ ሳሎን ነው፣ ቴሌቪዥኑ እስከ ማታ 5 ሰዓት ይቆያል። ከተለያየ ቤት ነው የገዛኋቸው፣ ዘመድ አይደሉም። የሚበሉት በብዛት ሱፍ፣ ትንሽ ማሽላ፣ አልፎ አልፎ ቆስጣ። ቡናም የምናፈላው እዚያው ሳሎን ነው፤ ይሄ ለውጥ ያመጣል?

ዶ/ር_ቤተእንስሳ፣ ቢሾፍቱ

ሚሚ፣ በጣም ለውጥ ያመጣል። ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር።

የወፍ ሳንባ ከእኛ የተለየ ነው፤ አየር ሲያስገባም ሲያስወጣም ኦክስጅን ይወስዳል። ስለዚህ ጭስ እኛን ከሚጎዳው በላይና ቀድሞ ይጎዳዋል። የከሰሉ፣ የሚቆላው ቡናና የዕጣኑ ጭስ በተዘጋ ሳሎን ውስጥ ለላቭበርድ ከባድ ነው። ኬጁን ወደ ሌላ ክፍል አዛውሪው፤ ቡናው ይቅር አላልኩም። የማያጣብቅ መጥበሻ (ቴፍሎን) እሳት ላይ ባዶውን ተረስቶ ሲግልም የሚወጣው ሽታ አልባ ጋዝ ወፍ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ወጥ ቤት አጠገብ ኬጅ ያላችሁ ሁሉ ይሄን ያዙ።

ወደ ምግቡ። ሱፍ ቅባቱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ጥቂት ነው። እናቲቱ ለቅርፊት የምታወጣው ካልሲየም ከምግቧ ሲያንስ ከገዛ አጥንቷ ተበድራ ነው፤ ካልተመለሰላት በሚቀጥለው ዙር ከባዶ ካዝና ነው የምታወጣው። ውጤቱ የሳሳ ቅርፊት፣ የደከመ ጫጩት፣ ሲብስም መውጣት ያቃተው እንቁላል ይሆናል። የእህል ብቻ ምግብ ቫይታሚን ኤም ይጎድለዋል፤ ያ ሲጎድል የእንቁላሉ መውረጃ ውስጠኛ ሽፋን ይደድራል።

ደግነቱ እኛ አገር ጥሩ እህል አለ። ዳጉሳ ከእህሎች ሁሉ በካልሲየም የላቀ ነው፣ ጤፍም ይከተለዋል፤ ሁለቱም ለላቭበርድ አፍ የሚመቹ ደቃቅ ጥሬዎች ናቸው። መሠረቱን ዳጉሳ፣ ጤፍና ማሽላ አድርጊው፤ ሱፍና ኑግ በጣት የሚቆነጠር ብቻ ይሁን። ቆስጣን ቀንሺ፤ ውስጡ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን አስሮ ያስቀረዋል። በእሱ ፋንታ ጎመን፣ የተፈቀፈቀ ካሮት፣ ቀይ ቃሪያ። የዶሮ እንቁላል ቅርፊት አጥበሽ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ቀቅለሽ፣ አድርቀሽ፣ ፈጭተሽ በትንሽ ሳህን ለብቻ አኑሪላት። ካትልቦን (ለወፍ የሚሸጥ፣ ካልሲየም ያለው የባሕር እንስሳ አጥንት) ካገኘሽ ደግሞ ኬጁ ላይ እሰሪው። አቮካዶ በፍጹም! ለወፍ መርዝ ነው።

አንድ ሰው የሚረሳው ነገር ፀሐይ ነው። ካልሲየም ያለ ቫይታሚን ዲ ወደ ደም አይገባም፣ ቫይታሚን ዲ ደግሞ በቀጥታ የፀሐይ ብርሃን ነው የሚሠራው። የመስኮት መስታወት የሚፈለገውን ጨረር ያስቀረዋል። ጠዋት ጠዋት ኬጁን በረንዳ ላይ አውጪው፤ ግማሹ ጥላ ይሁን፣ ድመትና ጭልፊት እንዳይደርስበት አጠገቡ ሁኚ።

የጥድጥላ

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ምግቡን ጨርሰውልናል። እኔ እርጥበቱን ልጨምር።

ሚሚ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። የእንቁላል ቅርፊት በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት፤ ግፊቱ ሲቀንስ በእነሱ በኩል ውሃው ቶሎ ይተናል። አንድ እንቁላል ታቅፎ ጫጩቱ ቅርፊቱን እስኪሰብር ድረስ ከክብደቱ ከመቶ ከ12 እስከ 15 ያህል ውሃ ማጣቱ ጤነኛ ነው፤ እንቁላሉ ውስጥ ያለው የአየር ክፍል የሚሰፋው በዚያ ነው። ከዚያ ካለፈ ግን ውስጠኛው ስስ ሽፋን ይደርቅና ጫጩቱ ላይ ይጣበቃል፣ ዞሮ ቅርፊቱን መስበር ያቅተዋል። ጨርሶ ያደገ ጫጩት ሞቶ መገኘቱ ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው የሚያመለክተው። በበጋው፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወራት፣ ይሄ ይብሳል።

የፊሸር አገሯ ሰሜን ታንዛኒያ ከፍታ ላይ ነው፣ ሮዚ ደግሞ የናሚቢያ ደረቅ አገር ወፍ ናት። ታዲያ በረሃ ለምዳ ለምን ትቸገራለች? በዱር ውሃ አጠገብ ነው የምትኖረው፤ ትታጠባለች፣ እርጥብ ላባዋን ይዛ እንቁላሉ ላይ ትቀመጣለች፣ ጎጆዋንም በእርጥብ ልጣጭ ትሞላለች። አንቺ ቤት ውሃውም ልጣጩም የለም። ጠፍጣፋ ሳህን ለብ ያለ ውሃ በየጠዋቱ አኑሪላት፣ ራሷ ታውቃለች። ከአኻያ ወይም ከዘንባባ ትኩስ ቅጠል በየሁለት ሦስት ቀኑ ስጫት፤ መድኃኒት ያልተረጨበት ይሁን። እንቁላሉ ላይ ውሃ መርጨት አያስፈልግም። የእርጥበት መለኪያ ካገኘሽ ክፍሉ ከመቶ ከ50 እስከ 60 ቢሆን ጥሩ ነው።

መቆሚያውን ዛሬውኑ ቀይሪ። ሻካራ የእንጨት ቅርንጫፍ፣ ሁለቱ ጫፍ በሽቦ ጠብቆ የታሰረ። የሚዞር መቆሚያ ላይ ወንዱ ሚዛኑን ስለሚስት የሚጀምረውን አይጨርስም፤ ለመጀመሪያው ባዶ ዙር አንዱ ምክንያት ይሄ ሊሆን ይችላል።

ሻርጃ_ነኝ፣ ሻርጃ

ሰላም ለሁላችሁ። እኛ ጋ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ግፊቱ ሙሉ፣ ሙቀቱ ግን እሳት። በዚህ አገር የብርድ ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ፣ ነው የማስጥለው። የሙቀቱ ወራት ሲገባ ሳጥኑን አወጣለሁ፤ ኤሲ ክፍል ውስጥ ቢሆኑም አየሩ ይደርቃል፣ መብራት አንድ ቀን ከጠፋ ደግሞ እንቁላሉ ሳጥኑ ውስጥ ይቀቀላል።

ሚሚ፣ እኔ ብሆን የሚቀጥለውን ዙር የእንቁላል ማስፈልፈያ ማሽን ውስጥ አስገባ ነበር። ጫጩቱ ቅርፊቱን ወግቶ ሲዘገይም በመርፌ ጫፍ ትንሽ ትንሽ እየከፈትሽ መርዳት ትችያለሽ። እዚህ ብዙ አርቢዎች እንደዚያ ነው የሚያደርጉት።

የጥድጥላ

ወንድሜ ሻርጃ፣ በዚህ አልስማማም። ጫጩቱ የመጀመሪያዋን ቀዳዳ ከወጋ በኋላ ከ24 እስከ 48 ሰዓት መቆየቱ የተፈጥሮ ነው። በዚያ ጊዜ የተረፈውን አስኳል ወደ ሆዱ እያስገባ፣ በስሱ ሽፋን ላይ ያለውን ደም ወደ ገላው እየሰበሰበ ነው። ቀድሞ የከፈተው ሰው ደም ያፈሰዋል። መርዳት ካስፈለገ ከ48 ሰዓት በኋላ፣ ሽፋኑ ነጭ ወረቀት መስሎ ደርቆ፣ ደም ሥር የማይታይበት ሲሆን ብቻ፤ ያኔም ሽፋኑን ለብ ባለ ውሃ በረጠበ ጥጥ ማራስ ይቀድማል። ደም ከታየ ወዲያው አቁሙ።

ማሽንም ቢሆን ጥሩ የምትታቀፍ እናት ካለች አያስፈልግም። ላቭበርድ ጫጩት ሲወጣ ዕውርና እርቃኑን ነው፣ ቀንና ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ መመገብ አለበት። ሚሚ ሥራዋን ትታ ማን ይመግበዋል?

ሻርጃ_ነኝ

ጋሼ ስለ ደሙ ያሉት ልክ ነው፣ ቸኩለው የሚከፍቱ ሰዎች ጫጩት ሲገድሉ አይቻለሁ። ማሽኑ ላይ ግን አቋሜ አልተለወጠም፤ እናቲቱ እንቁላል የምትበላ ወይም ጥላ የምትነሳ ከሆነች ሌላ መንገድ የለም።

የጥድጥላ

እሱን እቀበላለሁ። እንቁላሏን ለምትበላዋ ግን አስቀድማችሁ የካልሲየሙን ሳህን ሙሉላት፣ ሳጥኗን በየሰዓቱ መክፈት ተዉ።

ሚሚ፣ አቆጣጠሩን አደራ። በየሁለት ቀኑ ነው የምትጥለው፤ አጥብቃ መታቀፍ የምትጀምረው ደግሞ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው በኋላ ነው። ከ21 እስከ 23 ቀን የሚቆጠረውም ከታቀፈችበት ነው። ከመጀመሪያው እንቁላል ቆጥሮ «አለፈበት» ብሎ የሚጥል ሰው ሕያው ጫጩት ነው የሚጥለው። በእርሳስ ለስለስ አድርገሽ ቁጥር ጻፊባቸው። ታቅፋ ሳምንት ገደማ ሲሆናት፣ ለምግብ ስትወጣ፣ ክፍሉን አጨልመሽ በስልክሽ መብራት እያቸው፤ ቀይ የደም ሥር እንደ ሸረሪት ድር ከተዘረጋ ፅንስ ይዟል። ጥርት ያለ ቢጫ ከሆነ ባዶ ነው። ደም ቀለበት ሠርቶ ከታየ ጀምሮ ሞቷል። ባዶ ቢሆኑም ቶሎ አታውጫቸው፤ ስታወጪ ተክታ ትጥላለች፣ ገላዋ ያልቃል።

ሐዋሳ_ሐይቅዳር፣ ሐዋሳ

ይቅርታ አቋረጥኳችሁ፣ አስቸኳይ ነው። ፊሸሬ ከትናንት ማታ ጀምሮ ኬጁ ወለል ላይ ነው ያለችው። ላባዋን ነፍታ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች፣ ስትተነፍስ ጭራዋ ከፍ ዝቅ ይላል፣ አንድ እግሯን መቆም አቅቷታል። ሁለት እንቁላል ጥላለች፣ ሦስተኛው ትናንት ነበር መውጣት ያለበት። ጎረቤት «የጉሎ ዘይት ቀቢና ግፊው» አሉኝ። ምን ላድርግ?

ዶ/ር_ቤተእንስሳ

እህት፣ አትግፊው! ዘይትም ውስጥ አታስገቢ። እንቁላሉ ተቀርቅሮባታል። ከውስጥ ከተሰበረ ቅርፊቱ ይቆራርጣታል፣ ከተገፋ ደግሞ መውረጃው ተገልብጦ አብሮ ይወጣል። ላባዋ ዘይት ከነካ ሙቀቷን መያዝ አትችልም።

አሁን የምታደርጊው፦ ትንሽ ካርቶን ውስጥ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፈሽ አስገቢያት። ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ በአንድ በኩል አስጠጊላት፤ ስትሞቅ እንድትሸሽ ሌላው በኩል ክፍት ይሁን። የካርቶኑ ሙቀት ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ቢሆን ነው የምንፈልገው። አጠገቧ እንፋሎት ያለው ውሃ አስቀምጪ፣ እንዳትገባበት አድርገሽ። ጨለም አድርገሽ ተያት፣ ልጆች አይክፈቱት። ውሃና የተፈጨ ቅርፊት አፏ አጠገብ ይሁን፤ በግድ አታጠጪያት፣ ወደ ሳንባዋ ይገባል።

ይሄ ሁሉ እስከ ሐኪም ማድረሻ ነው። እግሯ መድከሙ እንቁላሉ ነርቭ እየተጫነ መሆኑን ወይም ካልሲየሟ ክፉኛ መውረዱን ይነግረኛል። አሁኑኑ ስልክ ደውለሽ ወፍ የሚያይ የእንስሳት ሐኪም ፈልጊ፣ ካርቶኑን ይዘሽ ሂጂ። የካልሲየም መርፌ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ለውጥ ያሳያል። ላቭበርድ እንዲህ ሆና አንድ ሁለት ቀን አትቆይም።

ጣና_ወፍ

ሐዋሳ፣ እግዚአብሔር ይርዳሽ። ወንዱን ለይተሽ ተይው፣ ይጨቀጭቃታል።

ሐዋሳ_ሐይቅዳር

ተመስገን! ካርቶኑ ውስጥ ሞቃ ትንሽ ነቃ ስትል ሐኪም ቤት ደረስን፣ የካልሲየም መርፌ ወጓት። ሌሊቱን ጣለችው። ቅርፊቱ ልክ እንደ ቆዳ ለስላሳ ነው። አሁን በሁለት እግሯ ቆማ ዳጉሳ እየለቀመች ነው። ዶክተር፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ሁለቱን እንቁላል ትታቀፍ?

ዶ/ር_ቤተእንስሳ

ደስ ብሎኛል። አይ፣ በዚህ ዙር አትታቀፍ። ሳጥኑን አውጪው፣ ወንዱን ለጊዜው ለይው፣ አራተኛ እንቁላል እንዳይመጣ የቀን ብርሃኗን ቀንሺ። ለስላሳው ቅርፊት አጥንቷ ባዶ መሆኑን ነው ያሳየሽ። ቢያንስ ግማሽ ዓመት ትረፍ። ሁለቱ እንቁላል ሊያሳዝንሽ ይችላል፣ እሷ ግን ከእንቁላሎቿ ትበልጣለች፤ እዚህ ላይ ማንም ሰው ቢከራከረኝ አልመለስም። ጤነኛዋም ብትሆን ዓመት ሳይሞላት አይጀመርም፣ በዓመት ከሁለት ዙር በላይም አይበዛባት።

ቨርጂኒያ_ብቸኛዋ፣ ቨርጂኒያ

ዶክተር፣ የኔ ደግሞ ብቻዋን ናት፣ ወንድ አይታ አታውቅም፣ ግን ዓመቱን ሙሉ ትጥላለች። እንቁላሉን ሳነሳባት መልሳ ትጥላለች። ትከሻዬ ላይ ነው የምትውለው፣ ጀርባዋን ሳሻት ክንፏን ትዘረጋለች።

ዶ/ር_ቤተእንስሳ

እህቴ፣ አንቺን ባሏ አድርጋሻለች። ጀርባዋንና ከክንፏ ሥር አትንኪ፣ ራሷንና አንገቷን ብቻ ዳብሺ። እንቁላሉን አትጣዪ፤ ራሷ ሰልችታ እስክትተወው ታቅፈው። ከዚያ እንደ ጎጆ የምታየውን ሁሉ አንሺ፦ ሳጥን፣ የጨርቅ ድንኳን፣ ወረቀት፣ ከሶፋው ሥር ያለውን ጨለማ። ብርሃኗን በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ብቻ አድርጊው፣ የተረፈውን ኬጁን ሸፍነሽ በጸጥታ። እዚህ አገር ቤት የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ነው፤ እነሱን «ወቅቱ ነው» የሚያሰኛቸው የሳሎን አምፖል ነው። የሚሚም ቴሌቪዥን እዚያው ውስጥ ይገባል። በዚህ ካላቆመች እናንተ ጋ ሆርሞኑን የሚያስታግስ መርፌ የሚሰጡ የወፍ ሐኪሞች አሉ።

ጥያቄ_አለኝ፣ ደብረ ብርሃን

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ሮዚ ወንድና ፊሸር ሴት አሉኝ፣ ማጣመር ይቻላል? ደግሞ ሰፈራችን ጥድ ላይ የሚመጡ አረንጓዴ፣ ግንባራቸው ቀይ ወፎች አሉ፤ እነሱም ላቭበርድ ናቸው አሉ፣ ይዞ ማርባት ይቻል ይሆን?

የጥድጥላ

ልጄ፣ ለመጀመሪያው፦ ይጣመራሉ፣ ይጥላሉም፣ ልጆቹ ግን መካን ይሆናሉ። ለየራሳቸው ከዘራቸው ተቃራኒ ጾታ ፈልግላቸው። ፊሸርና ማስክድ ቢዳቀሉ ደግሞ ልጆቹ ይወልዳሉ፣ ግን ሁለቱም ዘር ይጠፋብሃል።

ሁለተኛው ልቤን የነካኝ ነው። ያየኸው የኛው ወፍ ነው፣ ጥቁር ክንፉ ላቭበርድ። በዓለም ላይ ዱር ውስጥ የሚገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ነው፤ ጥድና ኮሶ ባለበት ደጋ ይኖራል፣ ሾላና የጥድ ፍሬ ይለቅማል፣ አዲስ አበባ ግቢዎች ውስጥም ይታያል። ቀይ ግንባር ያለው ወንዱ ነው፣ ሴቷ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ናት፤ ከዘጠኙ የላቭበርድ ዝርያዎች ወንድና ሴቱ በግልጽ በመልክ ከሚለዩት ጥቂቶች አንዱ ነው። አትያዘው። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው፣ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንም ይጠይቅሃል። ሕጉን ብንተወው እንኳ የዱሩ ወፍ ኬጅ ውስጥ ደንግጦ ይሞታል። ያረጀ ጥድ እንዳይቆረጥ ብታደርግ ያኔ አርብተኸዋል፤ የሚጥለው በዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ነው።

ሚሚ_አያት

ሰላም፣ ተመልሻለሁ፣ ምሥራች ይዤ! ኬጁን ወደ መኝታ ቤት አዛውሬ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ እሸፍነዋለሁ። ሱፉን ቀንሼ ዳጉሳና ጎመን፣ መቆሚያው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ፣ ጠዋት መታጠቢያ። ሳጥኑን ለጥቂት ወራት አንስቼባቸው አረፈች፣ ከዚያ መለስኩት። 5 ጣለች፣ በስልክ መብራት አራቱ የደም ሥር ነበራቸው፣ ሦስቱ ተፈለፈሉ!

አሁን ሁለት ነገር አሳስቦኛል። ትንሹ ጫጩት እግሮቹ ወደ ጎን ተንሸራተዋል፣ እንደ ዋናተኛ ነው የተዘረጋው። ትልቁ ደግሞ ጀርባው ላይ የሚበቅለው ላባ እየተነቀለ ነው። ማን ነው የሚነቅለው?

የጥድጥላ

እልልል! እንኳን ደስ አለሽ ልጄ።

እግሩ የሚንሸራተተው የሳጥኑ ወለል ልሙጥ ስለሆነ ነው። ደቃቁን ሳጋቱራ ሳይሆን አናጢ ቤት የሚወጣውን ጠፍጣፋ ፍቅፋቂ፣ ቀለምና መድኃኒት ያልነካውን፣ ሁለት ሦስት ጣት ውፍረት አድርገሽ አንጥፊ። የእግሩን ነገር ለዶክተር እተዋለሁ።

ዶ/ር_ቤተእንስሳ

እንኳን ደስ አለሽ ሚሚ። ስንት ቀኑ ነው? ሁለት ሳምንት ካልሞላው አጥንቱ ገና ለስላሳ ስለሆነ ይስተካከላል። ለስላሳ ማሰሪያ ወይም የቁስል ፕላስተር በቀጭኑ ቆርጠሽ ሁለቱን እግሮች በተፈጥሮ ርቀታቸው፣ ከገላው ሥር እንዲቆሙ አድርገሽ እሰሪ፤ ደም እንዳያግድ በየቀኑ ፈትተሽ እያየሽ። በመጀመሪያው ቀን ይዘሽው ብትመጪ አስተሳሰሩን አሳይሻለሁ፤ ቢሾፍቱ ከራቀሽ ቅርብ ያለ ሐኪም ያሳይሽ።

ላባውን የሚነቅሉት ወላጆቹ ናቸው። እናቲቱ ሌላ ዙር ልትጥል ስትሻ ትልልቆቹን ከሳጥን ለማስወጣት ነው። ቆዳው ካልደማ ላባው ይመለሳል። ከደማ በሳጥኑ መሐል የሽቦ መከፋፈያ አድርጊ፣ ወንዱ በሽቦው በኩል መመገብ ይችላል።

ሚሚ_አያት

አሥራ አንድ ቀኑ ነው ዶክተር፣ ነገ ጠዋት ይዤው እመጣለሁ። መቼ ነው ከወላጆቻቸው የምለያቸው?

ዶ/ር_ቤተእንስሳ

ስድስት ሳምንት አካባቢ ከሳጥን ይወጣሉ፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል አባትየው ይመግባቸዋል። ጥሬ ፈልፍለው ሲበሉና ማታ ስትዳብሻቸው ቋታቸው (አንገታቸው ሥር ያለው የምግብ ከረጢት) ሞልቶ ስታገኚው ለያቸው፤ ክብደታቸው እንዳይወርድ በወጥ ቤት ሚዛን በየጠዋቱ መዝኚያቸው። ሳጥኑን ግን የመጨረሻው ጫጩት እንደወጣ አንሺው፣ እናቲቱ ሌላ እንቁላል ጥላ ካላገኘሽ በስተቀር። ነገ ስትመጪ ጫጩቱን ከነወንድሞቹ በአንድ ሣጥን፣ ሙቅ ጠርሙስ አጠገባቸው አድርገሽ አምጪያቸው፤ መንገዱ ላይ እንዳይበርዳቸው።